አንድ ሰው ይጎድላል

ይኸነው እሳት ማጥፋት አያውቅም። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ሲያመሰግኑትም ይለዋል፣ ሲወቅሱትም ይለዋል። ከጥርባ በላይ ባለው ደንና በዙሪያው በተነሱ ስድስት እሳቶች ላይ ሰው መርቷል። በአንዳቸውም ግን ቅርንጫፍ ይዞ ነበልባል አልመታም፣ አፈር አልበተነም፣ አንድ ጀሪካን ውኃ አላቀበለም። ከፍ ያለ ድንጋይ ፈልጎ ይወጣል፣ እዚያ ይቆማል፣ እሳቱ ሲያልቅ ይወርዳል።

እንጀራው ሌላ ነው። በወረቀት እንጅባራ በሚሏት፣ በአፍ ግን ዛሬም ቆሰበር በምትባለው ከተማ መናኸሪያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚኒባስ ተራ አስከብሯል። የዳንግላው ከየት እንደሚቆም፣ የቻግኒው መቼ እንደሚወጣ፣ የአዘናው ስንት ሰው እንደቀረው የሚያውቀው እሱ ነው። ድምፁ ትልቅ አይደለም። ጯሂ ረዳቶች ሞልተዋል፤ እሱ የሚናገረው እነሱ ትንፋሽ ሲወስዱ ነው። አንድ ሚኒባስ በመስኮት አየት አድርጎ ስንት ሰው እንዳለበት ይናገራል። አልቆጠርኩም ይላል፤ ሰው ግን በልቡ እንደሚቆጥር ያውቃል፣ ምክንያቱም ሲደነግጥ ከንፈሩ በአገውኛ መቁጠር ይጀምራል። የተወለደው ጥርባ አጠገብ ካለ የገበሬ ቤት ነው። አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከስድስተኛ ክፍል ሲወጣ አማርኛውን ይዞ ወጣ፣ ሌላውን እዚያው ተወው።

ባለቤቱ ምህረቴ እቤትም ተራ ያስከብራል ትላለች። ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡት በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው። መንትያ ስላልወለደች ፈጣሪዋን ታመሰግናለች።

የመጀመሪያው እሳት የተነሳው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በየካቲት፣ በገበያ ቀን ነው። ማን እንደለኮሰው አልታወቀም። ማር ቆራጮች ከሰል አክሳዮቹን አሙ፣ ከሰል አክሳዮቹ ማር ቆራጮቹን አሙ፣ ሁለቱም አብረው ለማጥፋት ወጡ። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰው መጥቶ ሕዝብ የሚጭን መኪና ጠየቀ። ፊት የወጣው ጠሃ ነው። ጠሃ የራሱን ሚኒባስ ራሱ የሚነዳ፣ ሚስቱ ዘይቱና ገበያው ዳር ሱቅ ያላት የከተማው ሰው ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት አንድም ቀን ሳይከራከር ተራውን ተቀብሎ አያውቅም፤ ለአሥራ አምስት ዓመትም ቀትር ላይ ከይኸነው ጋር ሳይቀመጥ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ሳይከራከር አራት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው ይኸነውም ተሳፈረ። ለምን እንደሄደ ሲጠየቅ፣ «መኪኖቹ ያለ ተራ አስከባሪ ሄደው አያውቁም» ነው የሚለው።

እላይ ሲደርስ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው አገኘ። ሦስት መቶውም አንድ ቦታ ላይ ተከምሮ አንዱን ነበልባል ይደበድባል። እሳቱ ደግሞ በሌላ በኩል፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ ወደ ጥዱ ይሄዳል። የፊተኛው ሰው በጭስ ታፍኖ ወደኋላ ልውጣ ይላል፣ የኋለኛው ልግባ ብሎ ይገፋዋል። ይኸነው ስለ እሳት ያወቀው ነገር አልነበረም። ይህን ዓይነት ግፊያ ግን በየቀኑ ያየዋል።

«አንተ ውጣ! አንተ ግባ!» አለ። «እናንተ አሥራችሁ ወደዚያ። ቀጣይ!»

ሰዎቹ ታዘዙት። ማን ሾመህ ያለው አልነበረም፤ አብዛኞቹ ከዚህ በፊት ቀጣይ ሲላቸው ገብተው ያውቃሉ። በየተራ ገቡ፣ በየተራ ወጡ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም እሳቱ የታረሰ መሬት ላይ ደርሶ የሚበላው አጣና ሞተ። ሕዝቡ አጠፋነው አለ። ይኸነውም አልተከራከረም። ሁሉንም አሰልፎ ሚኒባሶቹ ላይ ጫነ። የመጨረሻው የጠሃ መኪና ነበር። በመስኮት አየት አደረገ፣ ባዶ ወንበር የለም።

«ሞልቷል! ዝጋው!» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ይታይሽ የምትባል ሴት ነጠላዋን አደግድጋ መናኸሪያ መጣች። ባሏ አበረ ከትናንት ጀምሮ አልገባም።

«ወንድሜ፣ አበረ ከእናንተ ጋር አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ወርዷል፤ ማንም አልቀረም» አለ ይኸነው። «መኪናው ሞልቶ ነበር።»

ይታይሽ አየችው። «መኪናው መሙላቱን አልጠየቅኩህም» አለች።

ያን ጊዜ ከንፈሩ በአገውኛ መቁጠር ጀመረ። መኪናው በእርግጥ ሞልቶ ነበር። ኋላ ሲጣራ፣ ከመንገድ ዳር አንድ ሽንኩርት ነጋዴ አጋጣሚውን አይቶ ከሰልፉ ጋር ተደባልቆ ወንበር ይዞ ኖሯል።

አበረን አሮጌ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ አገኙት። በሕይወት አለ፤ የቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። እሳቱ ከጉድጓዱ አፍ አሥር እርምጃ ርቆ አልፏል። በአራት ሰው ተሸክመው መኪና ጋ ሲያደርሱት ይኸነው አጠገቡ ይሄድ ነበር። የሚለው ጠፍቶት «ድምፅ አሰምተህ ነበር?» አለው።

«ስምህን ስጠራ ነበር» አለ አበረ። «እንዲያውም ሰምተህ የመለስክልኝ መስሎኝ ነበር።»

«ምን ብዬ?»

«'ሞልቷል' አልክ።»

አበረ ይህን ያለው በክፋት አይደለም፤ እንደሆነው ተናገረ። እግሩ ሐኪም ቤት ታስሮ፣ ኋላም ወጌሻ አሽቶት በስድስት ወሩ በዱላ ሄደ። ዛሬም በዱላ ነው የሚሄደው። ማረስ አልቻለም፤ መሬቱን ሌሎች ያርሱለታል፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ይኸነው ቤቱ ድረስ እየሄደ ይጠይቀዋል። ሲቀመጡ ብዙ አያወሩም። ምህረቴ ግን የባሏን ነገር አስተውላለች፤ ለሁለት ወር ያህል ልጆቹ እንደ ልባቸው እጃቸውን ታጠቡ፣ ምንም አላለም።

ከዚያ አንድ ቀን ተነስቶ የጽሕፈት ቤቱ የደን ባለሙያ ዘንድ ሄደ። ማስተዋል ትባላለች፤ በዚያን ጊዜ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች፣ ሥራዋንም ትወዳለች። ስለ ሰደድ እሳት የተሰጠ ስልጠና ተካፍላ የመጣች ሰሞን ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ሳጥን ሳጥን የተሳለበት ወረቀት አለ። በየሳጥኑ የሥራ ድርሻ ተጽፏል፣ ከሥሩ የሰው ስም። አንዱ ሳጥን ስም የለውም።

«ይሄስ?» አላት።

«የኦፕሬሽን መሪ ነው፣ ጋሼ። ሰው አላገኘንለትም።»

«ምንድን ነው ሥራው?»

ማስተዋል ከመመሪያው አነበበችለት። እሳቱን በእጁ አይነካም። ማን የት እንዳለ ያውቃል። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያርፍ ይወስናል። ለሰው አስጊ ከሆነ ሥራውን ያስቆማል።

ይኸነው አሰበ። «ይሄማ ተራ አስከባሪ ነው» አለ።

ማስተዋል ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች። እስኪብርቶዋን አንስታ ስሙን ጻፈች። ስትጽፍ «አባት?» አለችው፣ ነገራት። ሹመቱ ይኸው ነው።

ሥራውን በሚያውቀው መንገድ አደራጀው። አንድ ቡድን አሥር ሰው ነው፤ አሥሩን የሚያውቅ አንድ አለቃ አለው። ለቡድኖቹ ስም ሲፈልግ ወደ አፉ የመጡት ስሞች የታወቁ ናቸው፤ ዳንግላ፣ ቻግኒ፣ ቡሬ፣ አዘና። አንድ የዳንግላ ተወላጅ አዘና ቡድን ውስጥ በመመደቡ ቅሬታ አቀረበ። ይኸነውም ትኬት እንዳልቆረጠ አስታወሰው። መጀመሪያ የሁሉንም ስም በደብተር ለመጻፍ ሞክሮ ነበር። ገበሬው ደብተር ሲያይ ሸሸ፤ መዋጮ የመጣ መሰለው። ስለዚህ ባቄላ ያዘ። ጠዋት አርባ ባቄላ በቀኝ ኪሱ ይከታል። አንድ ሰው ወደ እሳቱ ሲገባ አንድ ባቄላ ወደ ግራ ኪሱ ያልፋል፣ ሰውዬው ሲወጣ ወደ ቀኙ ይመለሳል። የግራ ኪሱ ባዶ ከሆነ ደኑ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው። መጠባበቂያ ሰው ሲበዛ ምህረቴ ተጨማሪ ባቄላ ትሰጠዋለች።

ፊሽካም ገዛ። አንድ ጊዜ ሲነፋ ተራ መቀየር ነው። ሦስት ጊዜ አስረዝሞ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል።

በሦስት ዓመት ሦስት እሳት ተነሳ፣ ሦስቱም በአንድ አንድ ቀን አለቁ። ሰው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ሲያየው መጀመሪያ ያጉረመርም ነበር። እሳት ሲነሳ ካህኑም፣ ሚሊሻውም፣ አሮጊቷም አቅማቸው የፈቀደውን ቅርንጫፍ ይዘው ይወጣሉ፤ አንድ ጤነኛ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ መቆሙ ነውር ነው። አንዲት እናት ውኃ ተሸክማ ስታልፍ «ልጄ፣ ታመሃል?» ብላ ጠይቃዋለች። «ደህና ነኝ እማማ» አላት። ዓይኑን ከጭሱ አላነሳም።

ዋናው ነገር የሆነው አምና መጋቢት ላይ ነው።

እሳቱ ከላይ ከቀርከሃው ጀመረ። ቀርከሃ ሲቃጠል አንጓው ውስጥ ያለው አየር እየፈነዳ እንደ ጥይት ይጮሃል፤ ከተማ ድረስ ተሰማ። ከቀርከሃው በታች ዲከረንስ አለ። ይህ ሰው ለከሰል ብሎ በማሳው የሚተክለው፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። አራት ሰዎች ጎን ለጎን ተክለዋል፤ ከአራቱ አንዱ ጠሃ ነበር። አምስት ዓመት አሳድጎ ክረምቱ ሲወጣ ሊያስቆርጠው ነው።

እቅዱን ያወጡት ማስተዋልና ይኸነው ድንጋዩ ላይ ቆመው ነው። በቀርከሃውና በዲከረንሱ መሀል፣ ከገደሉ እስከ ወንዙ፣ ሰፊ መስመር ይመነጠራል፤ ሣሩም ቁጥቋጦውም ተነቅሎ አፈሩ ብቻ ይቀራል። እሳቱ ሲወርድ ባዶ መሬት ያገኛል። አርባው ሰው በገጀራ፣ በዶማና በአካፋ ገባ። አርባው ባቄላ ወደ ግራ ኪስ አለፈ። ጠሃ በሚኒባሱ ውኃ ያመላልሳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምረው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሊጨርሱ ሠላሳ እርምጃ ቀራቸው።

ይኸነው አንድ ጊዜ ፊሽካ ነፋ፤ የአዘና ቡድን ሊያርፍ ወጣ። እየቆጠረ ባቄላውን መለሰ። ዘጠኝ ሆኑ።

የአዘና አለቃ እንየው ነበር። «አሥረኛህ?» አለው ይኸነው።

እንየው ዞሮ አየ። «ክንዴ ነው። አጠገቤ ነበር።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

«ቅድም ስንት ሰዓት ነው?»

እንየው ሰዎቹን እንደገና መቁጠር ጀመረ።

«አንድ ሰው ይጎድላል» አለ ይኸነው። ይህ መናኸሪያ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የሚጮኸው ቃል ነው፤ ሚኒባስ ሊወጣ አንድ ወንበር ሲቀረው። ከአራፊዎቹ ሁለቱ ሳቁ። ፊቱን ሲያዩ ተዉት። ፊሽካውን ሦስት ጊዜ አስረዝሞ ነፋ።

የቀሩት ሠላሳዎቹ ወጡ፤ ተቆጠሩ። የግራ ኪሱ ውስጥ አንድ ባቄላ ቀረች። ሁለት ቡድን መርጦ አሮጌ የከሰል ጉድጓዶች ወዳሉበት፣ ተቃጥሎ ወደበረደው ጥቁር መሬት ላካቸው። እጅ ለእጅ ሊደራረስ በሚችል ርቀት ተሰልፈው ክንዴን እየጠሩ እንዲሄዱ ነገራቸው። ወደ መስመሩ ማንም እንዳይመለስ አዘዘ። እንዲህ ሲል ጭሱ ወደ ታች መተኛት ጀምሮ ነበር፤ ነፋሱ እየዞረ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እያለከለከ ድንጋዩ ጋ ደረሰ። «አቶ ይኸነው፣ ሠላሳ እርምጃ ነው የቀረው!»

«አይቻለሁ።»

«ይጨረስ እንጂ!»

«ሰው ይጎድላል።»

«አንድ ሰው ነው!»

«አዎ» አለ ይኸነው። «አንድ ነው።»

ኃላፊው ወደ ማስተዋል ዞረ። እሷ መመሪያው ውስጥ ያለውን ቃል በቃል ተናገረች፤ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን የኦፕሬሽን መሪው ነው። ኃላፊው ያንን መመሪያ ማን እንዳጸደቀው ጠየቀ። ራሱ ነበር።

በዚህ መሀል ጠሃ ውኃውን አራግፎ መጣ። የቀረውን ሠላሳ እርምጃ አየ፣ ከሥሩ ያለውን የራሱን ዲከረንስ አየ።

«ይኸነው፣ ያ እኮ የኔ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ጠሃ ከመሬት ገጀራ አነሳና ወደ መስመሩ መራመድ ጀመረ።

«ጠሃ፣ አትገባም» አለው።

ጠሃ ቆመ። መናኸሪያ ውስጥ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይከራከር ነበር። እዚህ ግን ገጀራውን ወርውሮ ወደ መኪናው ተመለሰ። የይኸነው ግራ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበረች። ባቄላዋን ይዟት ነበር፤ በላብ ረጥባ ቆዳዋ መላጥ ጀምሯል። ከንፈሩ ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ግን ከአንድ አያልፍም። አንድ ይልና ይመለሳል፣ አንድ ይልና ይመለሳል።

እሳቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሠላሳ እርምጃው ቀዳዳ ዘለለ። ዲከረንስ በደረቅ ወራት ቶሎ ይያያዛል፤ እሳቱ የአራቱን ሰው ማሳ ተራ በተራ በላና ጥርጊያው መንገድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያን ጊዜ ፈላጊዎቹ ገና ጉድጓድ ለጉድጓድ ይዞራሉ።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ ከታች ወጣች። ክንዴ ከውስጧ ወረደ። ኪሱ ቆሎ ሞልቷል፤ አጠገቡ ላለው ሁሉ እየዘገነ ሰጠ። ሰው ሁሉ ለምን እንዲያ እንደሚያየው አልገባውም።

«የት ነበርክ?» አለው እንየው።

«ላሜ ምጥ ይዟት ደወሉልኝ። ኔትወርኩ ተቆረጠ እንጂ ልነግራችሁ ነበር።»

እንየው ሊመታው እጁን አነሳ። ይኸነው ከድንጋዩ ወርዶ በመሀላቸው ቆመ። እሱም ሊመታው ፈልጎ ነበር፤ አቅፎ ሊስመውም ፈልጎ ነበር። ሁለቱንም አላደረገም።

«ወለደች?» አለው።

«ወለደች።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ጥጃ።»

«ተመስገን» አለ ይኸነው፤ የመጨረሻዋን ባቄላ ወደ ቀኝ ኪሱ አሳለፈ።

ከሳምንት በኋላ ግምገማ ተጠራ። አዳራሹ ሞላ። አበረ ዱላውን ይዞ ከይታይሽ ጋር ኋላ ተቀመጠ፤ ጠሃ ከፊት፣ የተቃጠለባቸው ሦስት ሰዎችም ከጎኑ። ሪፖርቱ ተነበበ። ያልጠፋ ሰው ሲፈለግ ደን ጠፋ የሚል ነበር፤ ነገሩ በአጭሩ ሲታይ እውነት ነው። ይኸነው ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ።

ተነሳ። «ስህተት አለብኝ» አለ። «ሰው ተራውን ትቶ ሲሄድ ለአለቃው ሳይነግር እንዳይሄድ በጥብቅ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።»

«ሌላስ?» አለ ኃላፊው።

«ሌላ የለም።»

«ሥራው ቢቀጥል ኖሮ መስመሩ አያልቅም ነበር?»

«ያልቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስቆሙት?»

«አንድ ሰው ጎደለ።»

ከፊት አንዱ ባለ ዲከረንስ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እቤቱ እኮ ነበር! እቤቱ ቆሎ እየበላ!»

«አሁን አውቃለሁ» አለ ይኸነው። «ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።»

ባለ ዲከረንሱ ተመልሶ ተቀመጠ። ከኋላ ይታይሽ ሳትነሳ፣ ለማንም ሳትል፣ «የኔንም ወርዷል ብለውኝ ነበር» አለች። ቃለ ጉባኤ ያዡ ይህን መጻፍ አለመጻፉን ለመጠየቅ ወደ ኃላፊው አየ። አልተጻፈም።

ውሳኔው ሥልጣኑን ለተማረ ሰው ማስተላለፍ ሆነ። ሰውነት የሚባል፣ በተፈጥሮ ሀብት ዲግሪ ያለው ወጣት ተመደበ። ደግ ልጅ ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። ብርቱካንማ ሰደርያ፣ ካርታና የድምፅ ማጉያ ተሰጠው። ይኸነው ፊሽካውን ለማስረከብ ወስዶለት ነበር፤ ሰውነት የግል ንብረት መረከብ እንደማይችል በትህትና ገለጸለት።

ከጠሃ ጋር ያለው ነገር የከበደው ከዚያ በላይ ነው። አልተጣሉም። ጠሃ ከሥራ ቃል በቀር ማናገር ተወ። «ወጣ»፣ «ሞላ»፣ «ልሂድ» ብቻ። የተሰጠውን ተራ ሳይከራከር መቀበል ጀመረ፤ ይኸነውን ከሁሉ ያሳመመው ይሄ ነው። ቀትር ላይ ሻዩን መንገድ ተሻግሮ ይጠጣል። ዘይቱና ብቻ በሱቋ ሲያልፍ እንደ ድሮው «እንዴት ዋልክ፣ ልጆቹስ?» ትለዋለች። አሥር ወር እንዲህ አለፈ።

ዘንድሮ የካቲት ላይ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም፣ ጭስ ታየ። ይኸነው አየውና ፊቱን ወደ ዳንግላው ሚኒባስ መለሰ። የእሱ ሥራ አይደለም። ሕዝቡ ጡሩምባ ሰምቶ ወጣ፣ ሰውነትም ሰደርያውን ለብሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ይኸነው የሰማው ከማስተዋል ነው። ሰዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ደኑ ዳር ደረሱና ቆሙ። ሰውነት በድምፅ ማጉያው «ግቡ!» አለ። አልገቡም። እምቢ ያለ ሰው የለም፤ ዝም ብለው ቆመዋል። በመጨረሻ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ። ክንዴ ነበር።

«ማን ይቆጥረናል?» አለ።

ሰውነት እኔ እቆጥራለሁ አለ። ስንት ሰው እንዳለ ጠየቁት። ሠላሳ ስምንት አለ። አርባ አንድ ነበሩ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ማጉያውን አውርዶ፣ «ሰውዬውን ጥሩልኝ» አለ። ስልክ አልሠራ አለ። ውኃ ልታመላልስ የወጣችው ሚኒባስ ተላከች።

ጠሃ መናኸሪያ ገብቶ ይኸነው ፊት አቆመ፤ ከውስጥ በሩን ከፈተ።

«ግባ» አለ።

ይኸነው የቆሙትን መኪኖች አየ። «ተራህ አይደለም። ሁለት ከፊትህ አሉ።»

«የምጭነው አንድ ሰው ነው፤ ከማን ተራ ይወስዳል?» አለ ጠሃ።

«ቢሆንም ከመናኸሪያ ጭነህ መውጣትህ ነው።»

«ከበሩ ውጪ እጠብቅሃለሁ፣ በእግርህ ውጣ!»

«እሱ ይሆናል» አለ ይኸነው፤ ይህ ሁሉ ክርክር ደስ አሰኝቶት ነበር። ፊሽካውን ከመሳቢያ አወጣ፤ ከጥግ ካለችው እህል ሻጭ ሁለት እፍኝ ባቄላ ለመነና በእግሩ ወጣ።

 አምና የተቃጠለው ቦታ ሲደርሱ ጠሃ ፍጥነት ቀነሰ። ጥቁሩ መሬት የለም፤ እንደ ጤፍ ችምችም ብሎ የበቀለ አረንጓዴ ብቻ ነው። የዲከረንስ ዘር መሬት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና እሳት ሲያልፍበት ይነቃል።

«አንድም አልተከልኩ» አለ ጠሃ። «ራሱ ነው።»

ይኸነው በመስኮት አየት አደረገ። «በዝቷል። ካልሳሳ አያድግም።»

«አውቃለሁ። ቅዳሜ ላሳሳው ነበር።»

«ቅዳሜ ገበያ ነው፤ አልመጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ።»

«እሑድ ይሁን» አለ ጠሃ፤ ማርሽ ቀየረ።

እሳቱ ትንሽ ነበር። ሰውነት ድንጋዩ ላይ ከይኸነው ጎን ቆመ፤ ካርታውን ዘርግቶ ነፋሱ ወዴት እንደሚዞር ይናገራል፣ ይኸነው ማን ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። አርባ አንድ ገቡ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አርባ አንድ ወጡ። ክንዴ ውኃ ሽንት አስቸኩሎት አንድ ጊዜ ከመስመር ሲወጣ፣ እላይ ድረስ መጥቶ አስፈቅዶ ነው የሄደው። ሩቅ ቦታ ስለነበር መንገዱ ላይ ብዙ ተቸግሯል ይባላል።

ወር ሳይሞላ ማስተዋል መናኸሪያ መጣች። ፊቷ በርቷል፤ እጇ ላይ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አለ።

«ጋሼ፣ ተፈቀደልዎት!»

ይኸነው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። አንዴ ጨርሶ ደግሞ ከላይ ጀመረ። ደብዳቤው ለሕዝብና ለደን ላበረከተው አስተዋጽኦ አመስግኖ፣ ከዛሬ ጀምሮ ረዳት የኦፕሬሽን መሪ ሆኖ መመደቡን ይገልጻል።

«ረዳት?» አለ።

በዚያች ቅጽበት አጠገባቸው አንድ የቡሬ ሚኒባስ ረዳት፣ አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላው፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል። ይኸነው ረዳቱን አየ፣ ደብዳቤውን አየ።

«መዋቅሩ ሌላ ስም የለውም፣ ጋሼ» አለች ማስተዋል። «ዋናው ዲግሪ ይጠይቃል።»

«ገብቶኛል።» ደብዳቤውን በነበረበት አጥፎ መለሰላት። «ልጄ፣ እሳት ሲነሳ ጥሩኝ። እመጣለሁ። ወረቀቱን ግን ውሰጂው። ሃያ ሁለት ዓመት ረዳት ስቆጣ ኖሬ እነዚህ ልጆች ይህን ቢያዩ ነገ አይታዘዙኝም።»

ማስተዋል ቃሉ እንዲቀየር ሁለት ጊዜ አመለከተች። ጉዳዩ ወደ ዞን ሄዷል ተባለች። እስካሁን መልስ አልመጣም። ደብዳቤው ማስተዋል መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሳት ሲነሳ ግን ጠሃ በሩን ከፍቶ ከመናኸሪያው ውጪ ይጠብቃል።